ልሙጥ እስኪባል

በአናጢው ቤት አንድ ዕቃ አለቀ የሚባለው ኮላው ሲደርቅ ወይም የመጨረሻው ሚስማር ሲመታ አልነበረም። ሚስቱ እጇን አሳልፋበት «ልሙጥ» ስትል ነበር። ከዚያ በፊት ወንበሩም ወንበር፣ ጠረጴዛውም ጠረጴዛ አይደለም፤ ሁለቱም እንጨት ናቸው። ቫርኒሽ ቀቢው እንኳ ይህን ቃል ሳይሰማ የጣሳውን ክዳን አይነካም። ይህ ሰው በተቀጠረበት ቀን አንድ ጣሳ ሙሉ ወለሉ ላይ ደፍቶ «ጠብታ ናት» ብሎ ስላለፈ፣ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙ ጠብታ ሆኖ ቀርቷል።

ሚስትየውን የሠፈሩ ሰው «ዳኛዋ» ይላታል። መስኮቱ ሥር ካለችው በርጩማዋ ላይ ሆና የምትሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ «ልሙጥ»፣ ወይ «ገና ነው»። ገና ነው ካለች ጣቷን አታነሳም። እንከኑ ያለበት ቦታ ላይ እንዳስቀመጠችው፣ ባሏ መጥቶ በእርሳስ እስኪከብበው ትጠብቃለች። እሱም ለምን ብሎ አይጠይቅም። የእሱ መዳፍ አርባ ዓመት መላጊያ ሲገፋ ኖሮ ራሱ ጣውላ ሆኗል፤ ስንጥር ቢገባበት እንኳ የሚያውቀው ደም ሲያይ ነው። የእሷ ጣቶች ግን ዓይን የማያየውን የእንጨት ፀጉር፣ ከተላገው ገጽ ቀና ብሎ የቀረውን ቀጭን ቃጫ፣ ያገኛሉ።

አንድ ጊዜ የምግብ ጠረጴዛ ያዘዘች ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ ገና ነው ስትባል ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ ለስላሳ ነው እኮ፣ እስቲ ንኩት! ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?»

«ለስላሳማ ትራስም ለስላሳ ነው» አለቻት ዳኛዋ፣ ሳትቆጣ። «ለስላሳ ስትጫኚው ነው የሚታወቀው፤ እሺ ይልሻል። ልሙጥ ለማንም እሺ አይልም፣ እንደ ድንጋይ ሊጠነክር ይችላል። ብቻ እጅሽ ሲሄድበት ቁም የሚለው አያገኝም። ልሙጥ ጨርቅ ስንል አበባም መስመርም የሌለው ማለታችን አይደል? እንጨትም እንደዚያው ነው። እጅ የሚያነበው ነገር ካጣበት ልሙጥ ሆነ ማለት ነው። ያንቺ ጠረጴዛ ደግሞ ጥጉ ላይ ገና ብዙ የሚነበብ አለ።»

ደንበኛዋ ስቃ ሄደች። ጠረጴዛዋን የወሰደችው በአራተኛው ነው።

ከዚያ በሽታው መጣ። ዳኛዋ ስምንት ወር ከሥራ ቀረች፤ ከስምንቱ ስድስቱን በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥሯ እየገባላት አሳለፈች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ጣቶቿን ሊያደነዝዝባት እንደሚችል፣ ስሜታቸው ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሯቸው ነበር። በዚያን ሰሞን ግን ስለ ጣት ማን ያስባል? ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁና አለፉት። አናጢው ከዚያ ሁሉ የሐኪም ንግግር ይልቅ የያዘው ሚስቱ አንድ ቀን ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ያለችውን ነው።

«መስኮቱ ሥር ያለችው በርጩማዬ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ።»

«ማን ይደፍራል።»

«ጠብታ ይደፍራል።»

«ጠብታን አስሬዋለሁ።»

ያን ቀን ከብዙ ሳምንት በኋላ ሳቀች። አናጢውም ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ይህች ሴት ወደ በርጩማዋ ትመለሳለች፤ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ ከዚያ የሚያስነሳት ምንም ነገር አይኖርም።

ተመለሰች። ፀጉሯ ገና ጣት የማይሞላ፣ ሹራቧ የሰፋባት፣ ግን በእግሯ ነው የመጣችው። ጠብታ በርጩማዋን በእጅጌው ጠርጎ «እትዬ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ነው የጠበቅኳት» አላት። እሷም ቀና ብላ ሰጋቱራ የሞላውን ወለል አየችና፣ «ወለሉን ግን የጠበቀው የለም» አለችው። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለ።

የመጀመሪያው ዕቃ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበር። አናጢው ፊቷ አቀረበላት። እንደ ድሮዋ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደ ድሮዋ አራት ጣቶቿን ከመደገፊያው ጫፍ ጀምራ እስከ መጋጠሚያው አሳለፈች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ከወትሮው ትንሽ የቆየች መሰለው።

«ልሙጥ» አለች።

አናጢው ወንበሩን ሊያነሳ ክንዱን ሲያሳልፍ የሸሚዙን እጅጌ የሆነ ነገር ያዘው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከመጋጠሚያው ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጉጡ ዙሪያ፣ እንጨቱ ፀጉር አቁሟል። ከእጅጌው የተመዘዘች ነጭ ክር እዚያው ላይ ተንጠልጥላለች። የሚስቱ ጣቶች ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ነው ያለፉት። እሱ ቆጥሯል።

ክሩን በጥሶ ኪሱ ከተተ። ቀና ሲል ዳኛዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም። ከበደኝ።»

«አርጅተሃል ማለት ነው።»

«ሳትኖሪ ነው ያረጀሁት» አላት፣ ወንበሩንም ተሸክሞ ወደ ጓዳው ገባ።

እሷ ቀትር ላይ ለማረፍ ወደ ቤት ትሄዳለች። ያን ቀን በሩን እንደወጣች ጠብታ ጣሳውን ሊከፍት ሲል አናጢው እጁን ያዘው። ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት አወጣና መደገፊያውን እንደገና ይፈገፍግ ጀመር። በራሱ እጅ ስለማይተማመን ከቤት የሚስቱን አንድ አሮጌ ስስ ካልሲ ይዞ መጣ፤ በመዳፉ ላይ አጥልቆ እንጨቱ ላይ ያስኬደዋል። ካልሲው የያዘበትን ቦታ ይፈገፍጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፤ እስኪደርቅና የተኛው ፀጉር እስኪቆም ይጠብቃል፤ እንደገና ይፈገፍጋል። እሷ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው የነበረውን ሥራ እሱ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል።

«ጋሼ» አለ ጠብታ፣ ካልሲውን እያየ፣ «ሰው ቢገባ ምን እንላለን?»

«ብርድ ነው እንላለን።»

«በአንድ እጅ ብቻ?»

«ጠብታ፣ ለእሷ ትንፍሽ ብትል ከዚህ ቤት ትወጣለህ።»

ጠብታ ብሩሹን ቀና አድርጎ ያዘ። «እኔ ትንፍሽ አልልም። ግን እትዬን የምታውቃት አልመሰለኝም» አለ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ጠዋት ዳኛዋ «ልሙጥ» ትላለች፤ ከሰዓት አናጢው ልሙጥ ያደርገዋል። በእነዚያ ሳምንታት አንድም ዕቃ ገና ነው አልተባለም። ይህን አናጢው አላስተዋለም ማለት አይቻልም፤ አስተውሎ ሳያስብበት ቀረ እንጂ። ዋናው ነገር ሚስቱ በርጩማዋ ላይ መሆኗ ነው። ቤት ውስጥም ያየውን እንዳላየ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የሚቆልፍላት እሱ ነው፤ እሷ «ጥፍሬ ስለተሰባበረ ነው» ትላለች፤ እሱም «ያድጋል» ይላል። አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን መቁረጧን የነገራት እሱ ነው። «አየሁት እኮ» አለችው፣ ሳታየው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ የልጅ ልጃቸው አልጋ ተገጠመ። ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ ሕፃኑ የሚተኛበትን አልጋ አያትየው ይሠራል፣ አያትየዋ ትፈትሸዋለች ተብሎ ከተቆረጠ ቆይቷል። ሃያ ስምንት ቋሚ ዘንግ፣ አራት እግር፣ ሁለት ረዣዥም መደገፊያ። ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ የሚነክሰው መደገፊያውን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሠራው አልጋ ነው፤ ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም። አናጢው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አቁሞት ሚስቱን ጠራ።

አልመጣችም። በርጩማዋ ላይ ሆና ጭኗ ላይ አንድ የእንጨት ትሪ ይዛለች።

«መጀመሪያ ይህን ንገረኝ» አለች። «ትናንት ይህን ትሪ ልሙጥ ብዬሃለሁ?»

«ብለሻል።»

«ከማለቴ በፊት እዚህ ጥጉ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጌበት ነበር። ብርሃኑ በጎን ሲመታው የእንጨቱ ፀጉር እንደቆመ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ነጥቡ የለም።»

አናጢው መላጊያውን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ አስቀመጠ።

«እርሳሱ ራሱ ተነስቶ አልሄደም መቼም» አለች።

ጠብታ ውጭ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ወጣ።

«ስንት ቀን ሆነህ ከኋላዬ መፈግፈግ ከጀመርክ?»

«ከተመለስሽ ጀምሮ።»

«ስንት ዕቃ?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ ግን ቁጥር ላይ መዋሸት አይሆንለትም። «አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አለች እሷም። ትሪውን ጭኗ ላይ ገለበጠችው፣ መልሳ አቃናችው። «አሥራ አንድ ጊዜ ውሸቴን ነው የተናገርኩት፣ አንተ ደግሞ አሥራ አንዴ አሜን አልክ።»

«በርጩማዋን ትለቂያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። እዚያ ተኝተሽ የነገርሽኝ እሷን ነው። ሌላ ምን ላደርግልሽ እችል ነበር? ሐኪም አይደለሁ።»

«እኔ ደግሞ የማላውቅ መስሎህ ነበር?»

አናጢው እንደዚያ መስሎት ነበር። ጣቶቿ እንደከዷት ራሷም እንዳላወቀች ነበር ያሰበው።

«በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ወንበር ነው ያወቅኩት» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለው ነበር። «እጄን ሳሳልፍ ጓንት ያጠለቅኩ ነው የመሰለኝ። ሁሉም አንድ ነው። ታዲያ ምን ልበልህ? ገና ነው ብል፣ የት ጋ ትለኛለህ። እርሳስህን ይዘህ ትመጣለህ። የቱ ጋ ልጠቁምህ? ልሙጥ ካልኩ ግን ማንም የት ጋ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ልሙጥ አልኩ። ለሁሉም አልኩ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አናጢው ይህን ቃል እንዲህ አስቦት አያውቅም። ገና ነው ለማለት ጣት ያስፈልጋል፤ ልሙጥ ለማለት ግን አፍ ይበቃል።

«ይህን አልጋ አልነካም» አለች ተነስታ። «ለልጄ ልጅ አልዋሽም።»

ቀስ ብላ ወጣች። እሱ ተከትሏት ሊሄድ ነበር፣ ግን ምን ይዞ? ጠብታ በሩ ላይ ቆሞ «ብዬህ ነበር» የሚል ፊት ነበረው፤ ቢሆንም አላለውም፣ ለዚህም አናጢው በልቡ አመሰገነው።

ሁለት ቀን ሥራ ቦታ አልመጣችም። አናጢው አልጋውን አልነካውም፤ ካልሲውንም አጣጥፎ ወደ ቤት መለሰ። ቤት ውስጥ ስለ እንጨት አያወሩም። ስለ ልጃቸው እግር ማበጥ፣ ስለ ጎረቤት በር፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ቁልፏን ሲቆልፍላት «ጥፍሬ ነው» ማለቷን ትታለች፤ እሱም «ያድጋል» ማለቱን ትቷል። ዝም ብሎ ይቆልፋል፣ ዝም ብላ ትቆማለች። ይሄኛው ከፊተኛው ይሻላል ብሎ አሰበ፣ ቢያንስ እውነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተላጭቶ መጣና እንደ ልማዱ ከታችኛው ቁልፍ ጀመረ። የላይኛው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ማለት ነበረበት፤ ጉንጩ ጉንጯን ነካ። እሷ ለመሄድ ዞር ልትል ነበር፤ ቆመች።

«ቆይ» አለችው።

«ምን ሆንሽ? ቆነጠጥኩሽ?»

«ዝም በል፤ አትነቃነቅ።»

ጉንጯን በጉንጩ ላይ አድርጋ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ድረስ ቀስ ብላ አሳለፈች። ተመለሰች። ከመንገጭላው አጥንት በታች ቆመች፣ እዚያው ላይ።

«እዚህ ጋ ዘለኸዋል» አለች። «ሦስት ፀጉር። ሦስትም አይሆኑም፣ ሁለት ናቸው።»

እሱ ጣቱን አስነካ፣ ምንም አላገኘም። መስታወት ጋ ሄዶ፣ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን አጥምዞ አየ። ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች ነበሩ፤ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም። በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው ቆማ አያት። መድኃኒቱ የደረሰባቸው ጣቶቿና የእግሯ መዳፍ ናቸው። ጉንጯን አልነካውም። ይህን ሐኪሙም አልነገራቸው፣ እነሱም አልጠየቁ። ስለ ጉንጭ ማን ይጠይቃል?

«ጫማሽን ላድርግልሽ?» አላት።

«ፊትህን ጨርስ መጀመሪያ። እንዲህ ሆነህ ከእኔ ጋር አትወጣም።»

አልጋው በቆመበት ነበር። ዳኛዋ አቧራውን በጨርቅ አስጠረገችው፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ከዚያ በርጩማዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አስጠጋችና ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ጉንጯን በላይኛው መደገፊያ ላይ አሳረፈች፤ ሰው ደክሞት ትራስ ላይ እንደሚጋደም አይደለም፣ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ እንደሚሰማ ሰው ነው። ትንፋሿን ይዛ ጀመረች።

አናጢው መሥሪያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ልሙጥ የሚለውን ቃል አልነበረም፤ ያንን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቶታል፣ አንዱም አላስተኛውም።

አንደኛውን መደገፊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ምንም አላለችም። ሁለተኛውን ጀመረች፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ተወችና ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ጉንጯ ቆመ። ጉንጯን ሳታነሳ እጇን ዘርግታ ባሏን ፈለገችው፤ እጅጌውን ስታገኝ ሳበችው።

«ገና ነው» አለች።

አናጢው እርሳሱን ከኪሱ አወጣ።

«የት ጋ?» አለ።

አውራ ጣቱን ይዛ በራሷ እጅ አስቀመጠችለት። «እዚህ። ወደዚያ ስሄድ ዝም ይላል፣ ወደዚህ ስመለስ ይነግረኛል። ሌላም ዘንጎቹ ላይ ይኖራል፤ ቆይ እንጂ፣ አንድ በአንድ ነው።»

ዘንጎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ረጅም ሥራ ነው፣ አንገቷም ደከመ፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ አረፈች፣ ውኃ ጠጣች፣ ጎንበስ ማለቱ እንደሚከብዳት ተናገረች። አናጢው አልጋውን በጎኑ አስተኝቶ ከፍ አደረገላት። እንደዚያ ተሻላት። በዘጠነኛው ላይ አንድ አገኘች፣ በአሥራ አራተኛው ላይ ሁለት። ፊቷ ላይ ሰጋቱራ ተለጥፎ ቅንድቧ ነጭ ሆኗል።

ጠብታ ጣሳውን ታቅፎ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «እትዬ፣ ልክፈተው ወይስ?»

«ያን ጣሳ አስቀምጥና ሂድ ሻይ ጠጣ» አለችው፣ ጉንጯን ሳታነሳ። «ሁለት ቀን እዚህ የምትፈለግ አይመስለኝም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ?»

«ወለሉን ጥረግ እንግዲያ።»

ጠብታ ወለሉን ለመጥረግ በደስታ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስልኩ የጮኸው አናጢው ደቃቁን ወረቀት በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሲጎነበስ ነው። ልጃቸው ነበረች።

«አባዬ፣ አልጋው ዛሬ ይደርሳል ብለኸኝ አልነበር? መኪና ያለው ሰው አግኝቻለሁ፣ ልላከው?»

«አትላኪው። እናትሽ ገና ነው ብላለች።»

«አሁንም? እሺ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እሷን ነው መጠየቅ። እስካሁን አራት ቦታ አግኝታበታለች፣ ገና ግማሹ ነው። አሁን አምስተኛውን ያገኘች መሰለኝ። እያየችኝ ነው።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ግራ ገብቷት፤ «ታዲያ ምን ያስቅሃል?»